ሳይጠሩት አቤት የሚል ስልክ

«የእኛ ቤት ስልክ እኔን ሳያስፈቅድ አይተነፍስም!» አለች ሻውና፣ የተጠበሰ ድንች በጉንጯ እንደያዘች። «ፎቅ ላይ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አንዲት ነገር ጫን አደርጋለሁ፤ መስመሩ ምድር ቤት ቁርጥ ይላል። ደግሞ ጫን አደርጋለሁ፤ ይቀጠላል። ወንድሜ እግሬ ላይ ወድቆ ካልለመነኝ ኢንተርኔት የሚባል ነገር በዓይኑ አያይም።»

ይህን ያለችው በመንደሩ የከርሊንግ አዳራሽ፣ ከመጥበሻው ፊት ለፊት ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ነው። አጠገቧ ትሪና ነበረች። ትሪና ጉራ ሲነዛባት አፏን በምግብ የምትይዝ ልጅ ናት፤ አሁንም ድንቿን በላች።

ከመጥበሻው ኋላ የቆሙት ወይዘሮ ሜቪስ ግን ሰሙ። በዚያ አዳራሽ በረዶውን ውሃ እየረጩ የሚያስተካክሉት እሳቸው፣ በርገር የሚጠብሱት እሳቸው፣ የልጃገረዶቹ ቡድን አሰልጣኝም እሳቸው ናቸው።

«እንግዲያው ጥሩ» አሉ ሽንኩርቱን እያገላበጡ። «ሐሙስ ከእራት በኋላ እደውላለሁ። ካልተነሳልኝ አንዴ እደግማለሁ። ሦስተኛ የለም፤ ዓርብ ጠዋት ዮርክተን ከተማ ላሉት የውድድሩ አዘጋጆች የቡድኑን አሰላለፍ ማሳወቅ አለብኝ።»

«እርስዎ ብቻ ይደውሉ» አለች ሻውና። «መስመሩ በእጄ ነው!»

ወይዘሮ ሜቪስ ውሳኔያቸውን ፊት ለፊት አይናገሩም። አንድ ዓመት ተናግረው የአንዷ ልጅ እናት እዚያው መጥበሻው አጠገብ ስታለቅስ አመሸች፤ በርገሩ ሁሉ አረረ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በስልክ ሆነ።

ለሻውና ደግሞ ነገሩ የሞት ሽረት ነበር። ከርሊንግ የአራት ሰው ጨዋታ ነው። አንዷ ከባዱን ድንጋይ በበረዶው ላይ ታንሸራትታለች፤ ሁለቱ መጥረጊያ ይዘው ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሮጡ በረዶውን ይፈትጋሉ፣ ላብ በላብ ይሆናሉ። አራተኛዋ ከወዲያኛው ጫፍ ቆማ «ጥረጉ! ተዉት! ጥረጉ አልኩ እኮ!» እያለች ትጮኻለች። ይህቺ አዛዧ ናት። ሻውና ሁለት ክረምት ስትጠርግ ከርማለች፤ ዘንድሮ መጮህ አምሯታል። ቦታዋን የሚመኙት ሁለት ናቸው፤ እሷና ትሪና። ትሪና ደግሞ ስትጮህ እንኳ ሚስጥር የምትነግር ነው የሚመስለው።

ስለ ስልኩ ያወራችው ውሸት አልነበረም። በሻውና ቤተሰብ፣ በዱቢኮች ቤት ያለው አንድ የስልክ መስመር ነው። ወንድሟ ክሊንት ከወጥ ቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት ኮምፒውተር አለው፤ ኮምፒውተሩን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ዕቃ፣ ሞደሙም እዚያው ነው። ኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው ሞደሙን ያስደውለዋል፣ ሞደሙም ጉሮሮው እንደታነቀ ዶሮ ጮሆ ጮሆ ይገባል፤ እሱ ከገባ ወዲያ ለሰው ስልክ የለም። በበጋው የመንደሩ ባንክ ተዘግቶ ዕቃው ሲሸጥ ሻውና አንድ ግራጫ ኮምፒውተር አገኘች። ከክፍሏ እስከ ምድር ቤት በማሞቂያው የአየር ቱቦ ውስጥ ሽቦ ዘረጋች፤ ክረምቱን ሙሉ ከቤተሰቡ ሁሉ ሞቆት የሚኖረው ያ ሽቦ ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ተዋወቁ። አንድ ቀን የማታውቀውን ሁሉ ስትነካካ ስክሪኗ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤ በውስጧ ሁለት ቃል ነበረ። አገናኝ። አቋርጥ።

«አገናኝ» የሚለውን ነካችው። ሥር፣ ሰው በሌለበት ጨለማ፣ የክሊንት ሞደም ጮኸ። ጩኸቱ በቱቦው ሽቅብ እየተንከባለለ ክፍሏ ገባ።

ሻውና አልጋዋ ላይ ተነስታ ዘለለች። ኢንተርኔቱ እንኳ ያን ያህል አላስደሰታትም። ሳይንቀሳቀሱ ሩቅ ያለውን ነገር «ተነስ» ሲሉት መነሳቱ ነው ልቧን የወሰደው። ያን ሳምንት ያለ ምክንያት ስታገናኝና ስታቋርጥ ከረመች።

«አንቺ እኮ» አላት ክሊንት፣ የትራክተር ፎቶ ሊያይ ግማሽ ላይ ሲቆረጥበት፣ «የመብራት ማጥፊያ ያገኘች ጦጣ ነሽ።»

ሐሙስ መጣ። እናቷ አዛውንት በሚጦሩበት ቤት የማታ ተረኛ ነበረች። እራቱን ያሞቁት አያቷ ናቸው፤ በአያቶቿ ቋንቋ «አያቴ» ለማለት ጊዶ ትላቸዋለች። የጎመን ጥቅልል ከነኮምጣጣ ክሬሙ ተበላ። ክሊንት ሳህኑን ጥሎ ወደ ጓሮው ጋራዥ፣ ወደተበላሸው በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተሩ ሄደ። ሻውና ሽቅብ ሮጠች፣ «አቋርጥ»ን ነካች፣ የሳጥኗ ጥግ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ጠፋች። መስመሩ ነጻ ነው። ወርዳ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ስልክ ሥር ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ንግሥት ትመስላለች።

ስልኩ ዝም አለ።

«ጊዶ፣ ዛሬ አዛዥ ስሆን ምን ይሰጡኛል?»

«ጥጥ» አሉ ጊዶ። «ለጆሮዬ።»

ጊዶ ከእራት በኋላ አንድ ልማድ አላቸው። በእሳቸው ወጣትነት የእርሻ ቤት ሁሉ በአንድ የጋራ መስመር ነበር የሚደዋወለው፤ ሁለት ረጅምና አንድ አጭር ሲጮህ የዱቢኮች ነው፣ ሌላው ሲጮህ የጎረቤት ነው፣ ግን ሁሉም ቤት እጀታውን ቀስ አድርጎ አንስቶ ይሰማል። የማን ላም ወለደች፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ሁሉ ከዚያ ነው። የጋራው መስመር ከቀረ ዘመን አልፎታል፤ ጊዶ ግን ዛሬም ሆዳቸው ሲሞላ ተነስተው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ሳያስጠጉ አይተኙም። አሁንም በሻውና ራስ ላይ እጃቸውን አሻግረው አነሱት።

«ፌንጣዋ ገብታለች» አሉ።

«የቷ ፌንጣ?»

«ያቺ የእናንተ ፌንጣ ናታ! ሲርርር የምትለው።»

ሻውና እጀታውን ነጠቀቻቸው። ሞደሙ ነው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች፤ አረንጓዴዋ መብራት በርታለች። አጠፋቻት። ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ ሰው የለም። የክሊንት ወንበር ላይ አንድ ካልሲ ብቻ ተቀምጧል። ካልሲ ደግሞ አይደውልም።

በካፖርት ላይ ካፖርት ደርባ ጋራዥ ሄደች። ከበረዶ ሞተሩ ሥር የክሊንት ሁለት እግር ወጥቶ ይታያል።

«ምን አድርገህበት ነው የመጣኸው? በገዛ እጁ እየደወለ እኮ ነው!»

«ምኑ?»

«አትሞኝብኝ! ኮምፒውተርህ!»

ክሊንት ሁለት እጁን ከሥር አወጣና አሳያት። እስከ ክርኑ ዘይት ነው። «በዚህ እጅ የነካሁት ነገር ካለ ጥቁር ይሆናል፤ ሂጂና እዪ። ደግሞ የመስመሩ ንግሥት አንቺ አይደለሽ? ባሪያሽን አንቺው ጠይቂው።»

ተመልሳ ስትገባ ጊዶ እጀታውን እንደያዙ ጠበቋት። «ሄደሽ ሳለ ዝም ብላ ነበር። አሁን ጀመረች።»

«ጊዶ፣ ምንም አልነካኩም? ይማሉ!»

«እኔ የነካሁት የጎመን ጥቅልል ነው።»

ሻውና ለሦስተኛ ጊዜ ወጥታ አቋረጠች፣ ወረደች፣ ምድር ቤት ገብታ በክሊንት ወንበር ላይ በካልሲው ጎን ተቀመጠች። ጊዶ ከደረጃው አናት ሆነው ወደታች አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ ሴትዮዋ ይደውላሉ አላልሽም? ያንን ሽቦ ከግድግዳው ንቀይውና እንገላገል!»

እውነታቸውን ነው። ከሞደሙ እስከ ግድግዳው ያለው ሽቦ ክንድ አይሞላም። ሻውና እጇን ዘርግታ ያዘችው። ጫፉን በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጎ መሳብ ነው፤ ፌንጣዋ ትሞታለች፣ ስልኩ ነጻ ይወጣል፣ ወይዘሮ ሜቪስ ይደውላሉ፣ አለቀ።

አልሳበችውም።

ምክንያቱም ብትስበው ዝም ይላል፤ ማን እንዳዘዘው ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አታውቅም። በዚህ ቤት ከእሷ ሌላ የሚያዝ አለ ማለት ነው፤ ማነው? ከየት ሆኖ? ሞደሙ እንደው ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ዓይነት ሆኖ ነው ወይስ ጠሪ አለው? ጥያቄው እንደ ጉንዳን ወረራት። «ወይዘሮ ሜቪስ መጥበሻቸውን ሳያጥቡ አይደውሉም» ብላ ራሷን አታለለችና ሽቦውን ለቀቀችው።

ያኔ አየችው። ስክሪኑ ጨለማ ነበር። እጇ ጭኗ ላይ ነው። ማንም አልነካውም። ድንገት ስክሪኑ ቦግ አለ፤ ትንሽዋ ሳጥን ብቅ አለች፤ ሞደሙ ጉሮሮውን ጠረገና ቁጥሩን አንድ በአንድ ደወለ፤ ቲት፣ ቱት፣ ቲት። ከዚያም ያ ጩኸት። ዛር ይዞት የሚያጓራ ሰው ነው የሚመስለው።

«ጊዶ! ጊዶ! በራሱ! በዓይኔ አየሁት!»

«የሟቹ ወንድሜ መንፈስ ይሆናል» አሉ ጊዶ ከላይ። «እሱም የሰው ስልክ መያዝ ይወድ ነበር።»

ሻውና ስትወጣ ዓይኗ ይንቦገቦግ ነበር። አዛዥነቱም፣ ትሪናም፣ ዮርክተንም ከራሷ ወጥተው ሄደዋል። ጊዶን ክንዳቸውን ይዛ ከማሞቂያው ቀዳዳ አጠገብ አቆመቻቸው፤ በቀኝ እጃቸው የሾርባ ማንኪያ፣ በግራቸው የስልኩን እጀታ አስያዘቻቸው።

«ይስሙኝ። እኔ ክፍሌ ገብቼ እጠብቃለሁ። ፌንጣዋ ስትጀምር ቱቦውን አንዴ ይምቱልኝ። ዝም ስትል ሁለቴ። ገባዎት?»

«አንድ አጭር፣ ሁለት አጭር» አሉ ጊዶ፣ ፊታቸው ሃምሳ ዓመት ወደኋላ ተመልሶ። «ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?»

ክፍሏ ገባች፣ አቋረጠች። ከቱቦው ኳ ኳ መጣ። ሁለት፤ ዝም ብላለች። ሻውና መብራቷን አጥፍታ አልጋዋ ላይ ተንበርክካ ጠበቀች። ትንፋሿን እንኳ ቆጥባ ነው። በጨለማው ውስጥ ከኮምፒውተሯ ጀርባ፣ ያ የሚሞቀው ሽቦ በተሰካበት ቦታ፣ አንዲት የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቢጫ መብራት ነበረች። ሽቦው ውስጥ ወሬ ሲያልፍ ነው የምትበራው። አሁን ጠፍታለች።

ቆየች፣ ቆየች። ቅንጣቷ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ አለች።

ቀጥሎ ሥር ሞደሙ ቲት ቱት አለ። ቀጥሎ ኳ።

ሻውና ፊቷን ወደ ሽቦው አስጠጋች። መጀመሪያ እዚህ ነው ብልጭ ያለው! ወሬው ከዚህ ወጣ፣ ወረደ፣ ከዚያ ነው ታችኛው የደወለው። አዛዡ ምድር ቤት የለም። አዛዡ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ዞራ ክፍሉን አየችው። አልጋ፣ የቆሸሸ ልብስ፣ እሷ።

እንደገና አቋረጠችው፤ ኳ ኳ አለ። ደግማ ጠበቀች፤ ቅንጣቷ ብልጭ ስትል ዓይኗን ወደ ስክሪኑ ወረወረች። ከስክሪኑ ጥግ አንዲት ትንሽ የፖስታ ስዕል ለአፍታ ወዝወዝ ብላ ቆመች።

ኢሜይሏ።

ያኔ እንቆቅልሹ ሁሉ እንደ በረዶ ሟሟ። በመከር ወራት ከአንድ የኖቫ ስኮሺያ ልጅ ጋር ስትጻጻፍ ኢሜይሏን «በየጥቂት ደቂቃው ደብዳቤ መጣ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» ብላ አዝዛው ነበር። ልጁ መጻፍ ካቆመ ቆየ፤ ትእዛዙን ያነሳ ግን የለም። ታችኛውን ኮምፒውተር ደግሞ ባለፈው ማታ ራሷ «ከላይ የሚጠይቅህ ካለ እኔን ሳትጠይቅ ደውል» ብላ ነግራዋለች፤ በየጊዜው መጫኑ ስለሰለቻት። ስለዚህ እሷ ታቋርጣለች፤ ፖስታዋ ትጠይቃለች፤ ሞደሙ አቤት ብሎ ይነሳል። በቀኝ እጇ የዘጋችውን በር በግራ እጇ ስትከፍተው ነው ያመሸችው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ ክሊንትንም፣ ጊዶንም፣ ሟቹንም ከሳለች።

ሻውና ሳቀች። ብቻዋን፣ በጨለማ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲህ ያለ ነገር አግኝታ አታውቅም። ኢሜይሏን ዘጋች፣ ለታችኛው የሰጠችውን ፈቃድ ነጠቀች፣ አቋረጠች፣ ጠበቀች። ቅንጣቷ ዳግመኛ አልበራችም። ሞደሙ ትንፍሽ አላለም።

«ያዝኩት!» እያለች ወረደች። «ጊዶ፣ ያዝኩት እኮ! ማን ይመስልዎታል?»

ጊዶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር ይበላሉ። ማንኪያቸው ከጎናቸው ነው። ከፊታቸው፣ ከኪያሩ ማሰሮ አጠገብ፣ በዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ነገር ተጋድሟል። ከነገሩ አንድ የተጠማዘዘ ገመድ ወጥቶ ግድግዳው ድረስ ይሄዳል።

ሻውና ቆመች። «ጊዶ። ያ ምንድነው?»

«እጀታው ነው። እጄ ሲደክም እዚህ አስቀመጥኩት፤ ፌንጣዋ ስትመጣ ከዚህም ይሰማል። ኋላ ዋይ ዋይ እያለ ሲጮህብኝ ጠቀለልኩት።»

«እጀታው ተነስቶ ሲቆይ እኮ ነው የሚጮኸው! መስመሩ ተይዟል እኮ!»

«አንቺ አይደለሽ ያዝ ያልሽኝ? ድሮ ስናነሳው ማንም ተይዟል ብሎን አያውቅም።»

ሻውና ጨርቁን ፈትታ እጀታውን ከመስቀያው ጋር አላጋችው። በዚያው ቅጽበት የመኪና መብራት በወጥ ቤቱ መስኮት አልፎ ግድግዳውን ጠረገው። የበረዶ ጫማ በረንዳው ላይ ተራገፈ። በሩ ተከፈተና ወይዘሮ ሜቪስ ከነሽንኩርት ሽታቸው ገቡ። ብብታቸው ሥር አዲስ መጥረጊያ ይዘዋል።

«ሁለቴ ደወልኩ፤ ሁለቴም መስመሩ ተይዟል» አሉ። «ቀጥሎ ርግብ ልልክ ነበር። ደህና አመሹ፣ ሽማግሌው?»

«ፌንጣ ስናድን ነው ያመሸነው» አሉ ጊዶ። «ኪያር ይቅመሱ።»

«ወይዘሮ ሜቪስ፣ ይስሙኝማ» ብላ ሻውና ጀመረች፤ አፏ ከእግሯ ይፈጥናል። «እኔ እኮ አቋርጬው ነበር። በራሱ ነበር የሚደውለው። ማን እያዘዘው እንደሆነ ደረስኩበት! ኢሜይሌ ነው የሚጠይቀው፣ ታችኛው ደግሞ ፈቃድ አለው፣ ሽቦው ላይ ያለችው መብራት ቀድማ ብልጭ ስትል...»

ወይዘሮ ሜቪስ አንድ ኪያር አንስተው እያኘኩ እስከ መጨረሻው ሰሟት። «ስለዚህ ስታጣሪ ስታጣሪ» አሉ፣ «ራስሽ ሆነሽ አገኘሽው።»

«እ... አዎ። ግን እንዴት እንዳገኘሁት...»

«ጎበዝ። እንቺ።» መጥረጊያውን ሰጧት። «ዮርክተን የመጀመሪያውን ድንጋይ የምትገፊው አንቺ ነሽ። ከዚያ በኋላ መጥረግ ነው። እንዳትረሺው።»

ሻውና መጥረጊያውን አየችው። ፀጉሩ አዲስ ነው፣ እጀታው ቀይ ነው፣ የሚያምር ነው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አዛዧስ?»

«ትሪና።»

«ትሪና! ትሪና እኮ ድምፅ የላትም! ስታዝ እኔ ራሴ አጠገቧ ቆሜ አልሰማትም! ምኗ ነው ከእኔ የሚበልጠው?»

ወይዘሮ ሜቪስ ኪያራቸውን ዋጡ፣ ጓንታቸውን አጠለቁ፣ በሩን ከፈቱ።

«ደወልኩላት፤ አነሳች።»